ለረሆቮት ዝናብ የቱ ጎማ ይሻላል? የጭነት መኪና ያለው ቤተሰብ ገንዘቡን የት ላይ ያውጣ

ዮሬ፣ ማለትም የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ፣ ረሆቮት ላይ ሲወርድ በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተኛው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ይደባለቃል። መንገዱ ለጥቂት ደቂቃ ሳሙና የፈሰሰበት ይመስላል። በረሆቮትና በነስ ጺዮና መካከል ወዳለው ቂርያት ቫይዝማን ዕቃ ይዘው የሚገቡ የጭነት መኪኖች ደግሞ ዝናብ ነው ብለው አይቀሩም፤ ዕቃው በሰዓቱ መድረስ አለበት። ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዱ የትልቅ ድርጅት ነው። ሌላው ግን የአንድ ቤት እንጀራ ነው፦ ልጅ ይነዳዋል፣ አባት ባንክ ሄዶ ዋስ ሆኖ ፈርሞበታል፣ የእናት እቁብም ገብቶበት ይሆናል።

ጎማው ሲያልቅ እንግዲህ ወሬው ወደ ሽማግሌው ይመጣል። «አባዬ፣ ፓንቸሪያው የክረምት ጎማ በርካሽ አለኝ ይላል፣ ምን ይሻላል?» ለሚል ልጅ መልስ ለመስጠት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጎማ ላይ የተጻፈውን ማንበብና ትንሽ ሂሳብ መሥራት ይበቃል።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ጎንደር ላይ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጭቃ፣ ጎርፍ፣ ጉም። እዚህ ክረምት ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘንበው ነው። የጎማ ፋብሪካዎች «የክረምት ጎማ» ሲሉ ግን ከሁለቱም ሌላ ነገር ማለታቸው ነው፤ እነሱ የሚያስቡት በረዶ ነው። ጎማው የሚሠራው ብርድ ሲሆን በማይደርቅ ለስላሳ ላስቲክ ነው፣ ጥርሱም በረዶውን እንዲነክስ በቀጫጭኑ የተሰነጣጠቀ ነው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ኮከብ ተስሎበታል። ይህ ምልክት ያለው ጎማ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ብቻ ካሉበት ግን ፋብሪካው ለጭቃና ለበረዶ ይሆናል ብሎ የጻፈው ነው እንጂ የፈተና ማስረጃ አይደለም። ጀርመን አገር በረዶ ባለበት መንገድ የሚሄድ ከባድ መኪና ሞተሩ በሚያዞራቸው ጎማዎች ላይ፣ ከ2020 ሐምሌ ወር ጀምሮ ደግሞ በፊት ጎማዎቹም ላይ የክረምት ጎማ እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። ለእነሱ አገር ተገቢ ነው።

እንዲህ ያለው ጎማ ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ረሆቮት ላይ በጥር እንኳ ቀኑ ብዙ ጊዜ 17 ወይም 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለስላሳው ላስቲክ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይበላል፣ ሚያዝያና ግንቦት ሲመጣማ ይብስበታል። ስለዚህ ሥራው ረሆቮት፣ ረምለ፣ አሽዶድና ቴል አቪቭ ለሆነ መኪና የበረዶ ጎማ መግዛት ለማይመጣ እንግዳ ድግስ መደገስ ነው።

ኢየሩሳሌምስ? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ኢየሩሳሌም ወደ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በረዶም ታያለች። በ2013 ታኅሣሥ ወር የወረደው በረዶ ቁጥር 1 መንገድን አዘግቶ ብዙ ሾፌሮችን መኪናቸው ውስጥ አሳድሯል። ግን እንደዚያ ባለ ቀን ፖሊስ መንገዱን ይዘጋል፤ ጎማህ ጥሩ ነው ብሎ የሚያሳልፍህ የለም። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ለማይመጣ በረዶ ስድስት ጎማ ከመቀየር በዚያ ቀን ቤት መዋል ይረክሳል።

ለእኛ አካባቢ ሾፌር ዋናው ጠላት ውሃ ነው። የከባድ መኪና አንድ ጎማ መንገዱን የሚነካው የደብተር ገጽ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ 22 ሜትር ያልፋል፤ በዚያች ቅጽበት ጎማው ከሥሩ ያለውን ውሃ በጥርሱ መካከል አሳልፎ ወደ ጎን መጣል አለበት። ጥርሱ ካለቀ ውሃው መውጫ ያጣል፣ ጎማውን ከመንገዱ ያነሳዋል። መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑ አይዝም። ሊማሊሞን በዝናብ የወረደ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚያ መንገዱ ራሱ ያስፈራና ሾፌሩ ይዘገያል፣ እዚህ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ፍጥነቱ አይታወቅም።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፦ በዝናብ ይበልጥ የሚንሸራተተው ባዶው መኪና ነው። ጭነት ጎማውን ወደ መንገዱ ይጫነዋል። ቂርያት ቫይዝማን ላይ ዕቃውን አራግፎ «አሁን ቀለለኝ» ብሎ በፍጥነት የሚመለስ ሾፌር ከጠዋቱ የባሰ አደጋ ላይ ነው።

የጥርሱ ልክ እንግዲህ ስንት ይሁን? በትንንሽ መኪኖች ላይ የታወቀው ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊሜትር ነው። በጥርሶቹ መካከል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ላስቲኩ ከእነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ፖሊስም እንደዚያ ያለ ጎማ ሲያገኝ መኪናውን ከመንገድ ሊያወርድ ይችላል፤ ያን ዕለት የሚቀረው ሥራ ሌላ ኪሳራ ነው። ለዝናብ ግን ያ ልክ ትንሽ ነው። ከ3 ሚሊሜትር በታች ሲወርድ መቀየር ይሻላል የሚሉት ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ የፓንቸሪያውን ዋጋ ያስገባበት። አዲስ ጎማ 1,500 ሼቄል ቢሆንና 15 ሚሊሜትር ጥርስ ቢኖረው፣ 3 ሲቀረው ይቀየር ካልን 12 ሚሊሜትር ተጠቀምንበት፤ ለአንዱ ሚሊሜትር 125 ሼቄል ከፈልን። ያገለገለው ጎማ 700 ሼቄል ነው፣ ጥርሱ ግን 6 ሚሊሜትር ነው። ከእሱ የምንጠቀመው 3 ብቻ፤ ለአንዱ ከ230 ሼቄል በላይ። በዚያ ላይ የማስገጠሚያው ገንዘብ ሁለቴ ይከፈላል። ርካሹ ተወደደ ማለት ይሄ ነው።

ያገለገለ ጎማ ከመግዛት ሌላ የሌለው ሰው ቢያንስ ዕድሜውን ይይ። «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 3519 ካለ፣ ጎማው በ2019 ዓመት በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱ ቁጥሮች በአንዱ ጎን ብቻ ሊጻፉ ስለሚችሉ ሁለቱንም ጎን ማየት ነው። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አለ። ትልልቅ ፋብሪካዎች ጥርሱ ቢኖርም 10 ዓመት የሞላው ጎማ ይጣል ይላሉ።

ሁለተኛው የሚነበበው የጭነት ቁጥር ነው። 315/80 አር 22.5 በሚባለው የከባድ መኪና ጎማ ላይ 156/150 ተጽፎ ካለ፣ ለብቻው ሲገጠም 4,000 ኪሎ ይሸከማል፣ ከኋላ በጥንድ ሲገጠም እያንዳንዱ 3,350 ኪሎ። በትንሹ የጭነት መኪና ላይ 121/120 ካለ 1,450 እና 1,400 ኪሎ ነው። ልኩ አንድ ሆኖ የጭነት ቁጥሩ ያነሰ ጎማ በርካሽ ይሸጣል፤ ሙሉ ጭነት ሲጫንበት ግን ይፈነዳል። የመኪናው መጽሐፍ ከሚያዘው ቁጥር በታች መግዛት አይገባም። ከኋላ በጥንድ የሚገጠሙትም ቁመታቸው እኩል ይሁን፤ አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ከሆነ አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

የታደሰ ጎማ፣ ማለት አሮጌው አካል ላይ አዲስ ጥርስ የተጋገረበት፣ በሽማግሌዎቻችን ዘንድ ስሙ አይወደድም። ይህ ጥርጣሬ በደንብ ለታደሰ ጎማ ሲሆን ፍርደ ገምድል ነው። የአውሮፕላን ጎማም እየታደሰ ነው የሚያርፈው። በታወቀ ድርጅት የታደሰ፣ ዋስትና ያለው ጎማ ከኋላ ወይም በተጎታች ላይ ቢገጠም ለገንዘቡ ጥሩ ነገር ነው፤ ማንነቱ ከማይታወቅ ያገለገለ ጎማ እጅግ ይሻላል። ከፊት ግን አዲስ ይሁን። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ከእጅ ይወጣል፤ አሜሪካም ብትሆን በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ የታደሰ ጎማ ከልክላለች። ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃ ሁለቱ አዲሶች ወደ ፊት፣ ከፊት የወረዱት ጥርስ ካላቸው ወደ ኋላ።

ከሁሉም የሚረክሰው ንፋስ ነው። በ8 ባር የተሞላ የከባድ መኪና ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ወደ 0.3 ባር ገደማ ያጣል። በነሐሴ ሙቀት የተሞላ ጎማ ምንም ሳይበሳ በጥር ጠዋት ከግማሽ ባር በላይ ጎድሎት ሊገኝ ይችላል። የጎደለው ጎማ መሀሉ ስለሚላላ ውሃውን በደንብ አይገፋም፣ ጠርዙም ቶሎ ይበላል። የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው፤ ከተነዳ በኋላ ጎማው ስለሚሞቅ ልኩ ያታልላል። ከኋላ ጥንዶች የውስጠኛው ለመድረስ ስለማይመች ብዙ ጊዜ ሳይለካ የሚቀረው እሱ ነው፤ ልጁ «ለካሁ» ሲል አባት ውስጠኛውን ጨምሮ እንደሆነ ይጠይቀው።