የልጅ ልጄ ያስወደደኝ ዘፋኝ

ጡረታ እስክወጣ ነርስ ነበርኩ። ለእኔ ሙዚቃ ጥላሁንና አስቴር ናቸው፤ የፈረንጅ ሮክ ጩኸት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ካረፈች ወዲህ የ16 ዓመት ልጇ ከእኔ ጋር ይኖራል። በለቅሶው ሰሞን «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» ያልኩት እኔው ነኝ። ከዚያ በኋላ የእናቱን ስም አንስቶ አያውቅም፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ዝም ነው።

አንድ ቀን ቡና እያፈላሁ «እስቲ ምንድን ነው የምትሰማው?» አልኩት። አንዱን ማዳመጫ ሰጠኝ። ጩኸት ስጠብቅ፣ በለሆሳስ የሚያዜም ድምፅና ጊታር ሰማሁ። ሱፍያን ስቲቨንስ ይባላል፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራ አሜሪካዊ የኢንዲ ሮክ ዘፋኝ ነው። እናቱ የአእምሮ ሕመም ነበረባት፤ ሕፃን ሳለ ትታው ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ስትሞት ሐዘኑን «ኬሪ ኤንድ ሎዌል» በተባለው የ2015 አልበሙ አወጣው።

«እማማ፣ እሱ እኮ ስለ እናቱ ነው የሚዘፍነው» አለኝና ልጁ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ዘፋኙ በ2023 ጊላን ባሬ በተባለ ሕመም ተይዞ መራመድን እንደ አዲስ መማሩንም ነገረኝ። በተራዬ እኔ አስረዳሁት፦ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ነርቭን ያጠቃል፣ እግር ይዝላል፤ አብዛኞቹ ሕሙማን ግን ቀስ በቀስ ያገግማሉ።

አሁን ቡና ሲፈላ አንድ ዘፈን እሱ፣ አንድ እኔ እንመርጣለን። ስለ እናቱም እናወራለን። እናንተም «አታልቅስ» ከማለታችሁ በፊት፣ ልጃችሁ ምን እንደሚሰማ ጠይቁት።