የባጃጅ መሪና አራቱ ገመዶች

አዳማ ላይ ባጃጅ ስትሳፈሩ የሾፌሩን ግራ እጅ ልብ በሉ። ፍሪሲዮኑን በጣቶቹ ይጨብጥና እጀታውን ከነመዳፉ ያዞረዋል፤ ማርሽ ገባ ማለት ነው። ቀኝ እጁ ነዳጅ ይሰጣል። ለእግር የቀረው ፍሬን ብቻ ነው።

አሠራሩ ከጣሊያን የመጣ ነው። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣውን ቬስፓ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ማርሹን ግራ እጅ ላይ ያደረገውም እሱ ነው። በ1948 ባለሦስት እግሩ አፔ ተከተለ። የሕንዱ ባጃጅ በፒያጆ ፈቃድ ማምረት ሲጀምር መሪውንም አብሮ ወረሰ። ትናንት ጋሪ ይመላለስባቸው የነበሩት የአዳማ፣ የመቂ፣ የባቱና የሻሸመኔ መንገዶች ዛሬ በዚህ መሪ ይነዳባቸዋል።

ሞተሩ ያለው ከኋላ ስለሆነ የእጁ ትእዛዝ ሁሉ በገመድ ነው የሚደርሰው። አንድ የነዳጅ፣ አንድ የፍሪሲዮን፣ ሁለት የማርሽ። የማርሾቹ ገመዶች ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ማርሹን ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ዜሮ ማርሽ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ነው። ከጥንዱ አንዱ ከላላ እጀታው ሁለተኛን እያሳየ ካምቢዮው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጥርሶቹ ይንጫጫሉ፣ ማርሹም አቀበት ላይ ይወጣል። ተሳፋሪ ካምቢዮው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ገመዱን በማጥበቅ ብቻ ይፈታል። የፍሪሲዮን ገመድ ደግሞ ድንገት አይበጠስም። እጀታው ሥር በሚታጠፍበት ጫፍ ላይ ክሮቹ አንድ በአንድ ይቆረጣሉ፤ የስምጥ ሸለቆው አቧራ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ቅባት ጋር ሲቀላቀል መጨረሻውን ያፋጥነዋል። ፍሪሲዮኑ ለጣት ከከበደ ማየት ያለብን እዚያ ነው።

የገመድ ጣጣ የባጃጅ ብቻ አይደለም። በሌላው ዓለም ክሩዘር የሚባለውን ዝቅ ያለ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ሰዎች መሪውን ከፍ ባለ መሪ ይለውጡታል፣ ወይም ከሥሩ መወጣጫ ብረት ያስገቡለታል። ወገባቸው እንዳይጎብጥ ነው። ጥቂት ሴንቲሜትር ሲነሣ ግን የፋብሪካው ገመድ ሊያጥር ይችላል። ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩን በሚኒሞ አስነስቶ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ ማዞር፤ ድምፁ በራሱ ከጨመረ የነዳጁ ገመድ ተወጥሯል፣ እንዲህ ሆኖ መንገድ መውጣት አደጋ ነው።

ያው ፈተና ለባጃጅም ይሠራል፤ መሪ ተፈትቶ በተገጠመ ቁጥር ሊደረግ ይገባል። የባጃጁ መሪ ከፍታ ግን እንደ ልብ አይነካም፤ ረጅሙም አጭሩም ሾፌር ቁመቱን የሚያስተካክለው መቀመጫው ላይ ትራስ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ክንዱ ተዘርግቶ የሚውል ሾፌር አንጓውን ማመሙ አይቀርም፣ ማርሹን የሚያዞረውም በዚያው አንጓ ነው።

የማርሽ ገመድ ተቆርጦ ጋራዥ ስትገቡ ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየሩ። አዲሱ ከተለጠጠው አሮጌ ጋር ሲጣመር ማስተካከያው ብዙም አይቆይም።