ጂንካ ሲደርሱ ታንኩ ስንት ሊትር ቀረው?

“የቤት መኪና” ሲባል የአዲስ አበባ ደላላ የሚታየው የግል አውቶሞቢል ነው። ፈረንጆቹ “ሞተርሆም” የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ መኪናው ራሱ ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ አንዳንዱም ሻወርና መጸዳጃ አለው፤ ማታ በቆመበት ሆቴል ይሆናል። በደቡብ ኦሞ መንገድ ይህን ዓይነቱ መኪና እንግዳ አይደለም። አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጡት መንገደኞች ከኬንያ በሞያሌ፣ ደፈር ያሉት ደግሞ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ኢሌሬትን አልፈው በኦሞራቴ ይገባሉ፤ ቱርሚና ጂንካም ያርፋሉ። ይህን ያየ የአገር ውስጥ ባለሀብትም “እኔስ አንድ ቫን ወይም አንድ አይሱዙ በቦዲ ሠሪ አስለውጬ ለቱሪስት ባከራይ?” ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሆኖም ገዢም ሻጭም ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጎማውና ስለ ሊብሬው ሲጠያየቅ ይውላል እንጂ ስለ ውሃው የሚያነሳ እምብዛም ነው። እዚያ ቆላ ከወረዱ በኋላ ግን ጉብኝቱን የሚያሳጥረው፣ እንግዳውን የሚያስኮርፈውና ከአካባቢው ሰው ጋር የሚያጣላው ውሃው ነው። ንጹሁ ስንት ቀረ? ቆሻሻውስ ስንት ደረሰ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በትክክል የሚመልስ መሣሪያ የሌለው መኪና፣ ጌጁ እንደተበላሸ የነዳጅ ቦቴ ነው።

ከመሬቱ እንጀምር። ጂንካ ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከተማዋ 1,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ደህና ነው፤ ሆቴልም፣ ጋራዥም፣ የታወቀ የቅዳሜ ገበያም አላት። ታንክ ለመሙላት የተመቸች ናት። ችግሩ ከእርሷ ወደ ታች ነው። የሐሙሱን የቀይ አፈር ገበያ፣ የማክሰኞና የቅዳሜውን የዲመካ ገበያ፣ የሰኞውን የቱርሚ ገበያ እያሉ ኦሞ ወንዝ ዳር ኦሞራቴ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 400 ሜትር ይወርዳል። ሙቀቱ ይጨምራል፤ የሚጠጣውና ለመታጠቢያ የሚፈሰው ውሃም አብሮ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ “ለአራት ቀን ይበቃል” የተባለው ታንክ እዚያ ለአራት ቀን አይበቃም።

ቱርሚ አጠገብ የሚያልፈው የካስኬ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። የሐመር ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው፣ ቀስ ብሎ የሚያቀረውን ውሃ እየጨለፉ ይቀዳሉ። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ሥራ መመዘኛ በአደጋ ጊዜ እንኳ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ ያልታሰበ ውሃ አልቆበት መንደር ውስጥ በእጅ ፓምፕ ወረፋ ገብቶ 150 ሊትር የሚሞላ የቱሪስት መኪና፣ የአሥር ሰው የቀን ድርሻ ጭኖ ሄደ ማለት ነው። ወረፋ ላይ ያሉት እናቶች ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቁታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 120 ሊትር ንጹሕ ውሃ የያዘ መኪና ከነሻንጣቸው አንድ ተጨማሪ እንግዳ እንደጫነ ይቆጠራል። መኪናው ሁለት እንግዶች፣ ሾፌርና ምግብ አብሳይ ይዟል እንበል። እያንዳንዳቸው በቀን ቆጥበው 10 ሊትር ቢጠቀሙ 40 ሊትር ይሆናል፤ ንጹሑ ታንክ ሦስት ቀን ያስኬዳል። ለመጠጥና ለምግብ ለእያንዳንዱ ሦስት ሊትር፣ በድምሩ 12 ሊትር ቢወጣ የቀረው 28 ሊትር የዕቃና የገላ እጣቢ ሆኖ ወደ ፍሳሹ ታንክ ይገባል። ብዙ ጊዜ የፍሳሹ ታንክ ከንጹሑ ያንሳል። 60 ሊትር የሚይዝ ከሆነ በሁለት ቀን ጢም ይላል። ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ ነው፤ ጉዞውን የሚገድበው ያለቀው ንጹሕ ውሃ ሳይሆን የሞላው ቆሻሻ ውሃ ነው። ስለዚህ ለንጹሑ ብቻ ጌጅ ገጥሞ “ጨርሻለሁ” የሚል ጋራዥ ሥራውን ግማሽ አድርሷል።

ጌጁ ራሱ ምን ዓይነት ነው? ከሁሉ የሚቀለው በታንኩ ጎን ከታች እስከ ላይ የተዘረጋ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ነው። በታንኩ ያለው ውሃ በቱቦውም እኩል ይቆማል፤ በዓይን ያዩታል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ አይዋሽም። ጉድለቱ ታንኩ ከአልጋ ሥር ወይም ከሻሲው ሥር ከሆነ ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል የሚለው ነው። ብርሃን ከገባበትም አልጌ ያበቅላል።

ሁለተኛው ተንሳፋፊ ነው፤ በነዳጅ ታንክ ውስጥ ያለው ዓይነት። ውሃው ከፍ ሲል ኳሱ ይነሳል፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይለወጣል፣ ዳሽቦርድ ላይ ያለው ቀስት ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ የሶማሌ ተራ ደንበኞች ጆሯቸውን ይስጡን። የአውሮፓው ተንሳፋፊ በአብዛኛው ባዶ ሲሆን 10 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 180 ኦም ያሳያል። የአሜሪካው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33። አንዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ ሱቅ ገዝተው ያጋጠሙ እንደሆነ ታንኩ ጢም ብሎ ቀስቱ ወደ ባዶ ይወርዳል፤ ውሃው ሲያልቅ ደግሞ “ሙሉ” ይላል። ዕቃው አልተበላሸም፤ የተጋቡት ሁለቱ አይስማሙም። ስለዚህ ሲገዙ ጌጁንና ተንሳፋፊውን ከአንድ ቤት ይግዙ፤ አለዚያም ቁጥሩ ተጽፎ ይዩት።

ሦስተኛው በታንኩ ሥር የሚቀመጥ የግፊት መለኪያ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ አንድ አሥረኛ ባር ያህል ይጫናል። መለኪያው ይህን ጫና ወደ ከፍታ ይመልሰዋል። ለንጹሕ ውሃ እጅግ ደህና ነው። ባለ ድምፅ ሞገዱም አለ፤ ከታንኩ አናት ሆኖ ድምፅ ይልካል፣ ከውሃው ገጽ ተመልሶ የሚመጣበትን ጊዜ ይቆጥራል። ውሃ ባይነካውም እንፋሎትና የሳሙና አረፋ ያሳስቱታል። ለሆቴል ጣሪያ ሮቶ ይመቻል፤ ዝቅ ላለ የመኪና ታንክ ግን እንጃ፤ ከአፉ ሥር ያለውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አያነበውምና።

የፍሳሹ ታንክ የራሱ ጉድ አለው። ብዙ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በታንኩ ግድግዳ ላይ ከታች ወደ ላይ ሦስት ወይም አራት የብረት ነጥቦች ተበስተውለት ይመጣል። ውሃው የነካቸው ነጥቦች መብራት ያበራሉ። ለጥቂት ጊዜ ጥሩ ይሠራል። ከዚያ የወጥ ዘይትና ሳሙና ግድግዳው ላይ ይለጥፍና ታንኩ ከተደፋ በኋላም “ሦስት አራተኛ” እያለ ይቀራል። እንግዲህ ሾፌሩ ጌጁን ማመን ይተዋል፤ ካላመነው ደግሞ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው። በእኛ በኩል ለፍሳሽ የምንመርጠው ከታንኩ ውጭ የሚለጠፈውን ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ አልፎ ውሃ መኖሩን ያውቃል፤ ከቆሻሻው ጋር አይገናኝም። ለብረት ታንክ ግን አይሆንም፤ ይህን ሳይነግርዎት የሚሸጥልዎት እንዳይኖር ይጠንቀቁ።

የመጸዳጃው እንደ ሻንጣ ተመዝዞ የሚወጣ ከሆነ መለኪያ ባይኖረውም አይጎዳም። 20 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ በቀን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ነጋዴ አንባቢያችን በሚያውቀው ቋንቋ እንንገረው። ታንክ ውስጥ ያለው ጌጅ የመጋዘን ቆጠራ ነው። በቧንቧው ላይ የሚገጠመው የፍሰት ቆጣሪ ደግሞ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ እያለ ይጽፋል። ሁለቱ ሲስማሙ ሰላም ነው። መዝገቡ “60 ሊትር ቀርቷል” ሲል ቆጠራው 40 ካሳየ፣ ሃያው ሊትር ከቆጣሪው በፊት የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ ወይም አንድ ሰው ከታች ባለው መክፈቻ ቀድቷል። በኮረኮንች መንገድ ብሎን ይላላል፣ ቱቦ ይሰነጠቃል፤ ይህን ቀድሞ የሚናገረው የሁለቱ ልዩነት ነው። የፍሰት ቆጣሪ መግዛት ያልፈለገ ፓምፑን በሰዓት መቁጠር ይችላል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ዛሬ በጠቅላላው አራት ደቂቃ ከሠራ 40 ሊትር ሄዷል። ባትሪው ሲደክም ፓምፑም ስለሚደክም ቁጥሩ ትንሽ ይዋዥቃል እንጂ ከግምት ይሻላል።

የትኛውም መለኪያ ግን ሳይለካ አይለካም። ታንኮች አብዛኛውን ጊዜ ከሻሲው ቅርጽ ጋር እንዲስማሙ ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው፤ ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ። ጌጁ “ግማሽ” ሲል የከፍታው ግማሽ እንጂ የሊትሩ ግማሽ ላይሆን ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ታንኩን ጨርሰው ያፍስሱ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይያዙ። አንድ ጀሪካን ሲጨምሩ ጌጁን ያንብቡና ይጻፉ፤ እስኪሞላ እንዲሁ። ወረቀቱን ዳሽቦርዱ አጠገብ ይለጥፉት። ጎን ለጎን ሌላ ነገር ይገኝበታል፤ ሻጩ “150 ሊትር ነው” ያለው ታንክ ስድስተኛው ጀሪካን ላይ ሲተፋ ዋጋ ለመነጋገር ጥሩ ምክንያት ነው። ደላሎችም ብትሆኑ ይህን አስቀድማችሁ ብታደርጉት ኮሚሽናችሁ አይቀንስም፤ ንትርኩ ይቀንሳል።

የማዘንበሉን ነገርም አይርሱት። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ታንክ 120 ሊትር ይይዛል፤ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ አራት ሊትር ነው። መኪናው ቆሞ ታንኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስምንት ሴንቲ ሜትር ቢያዘነብል፣ ዳር ላይ የተገጠመ መለኪያ በአራት ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል። 16 ሊትር ማለት ነው። መለኪያው መሐል ላይ ከተገጠመ ስህተቱ ይጠፋል ለማለት ይቻላል። መኪና እየሄደ ማንበብማ ጨርሶ ዋጋ የለውም፤ ውሃው ይናጣል።

የሞላውን ፍሳሽ የት ይደፉታል? በአውሮፓ ካምፕ ሥፍራዎች ለዚሁ የተሠራ ጉድጓድ አለ። በደቡብ ኦሞ መንገድ ላይ ግን በዚያ መተማመን አይቻልም። ከጂንካ ወይም ከቱርሚ ማረፊያዎች አንዱን አስቀድሞ አነጋግሮ፣ ተገቢውን ከፍሎ በሴፕቲክ ታንኩ መድፋት ነው የሚያዋጣው። የመጸዳጃው ኬሚካል ፎርማልዴሃይድ ያለበት ከሆነ በሴፕቲኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ስለሚገድል ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መድፋት ነውር ነው። በምሽት የታንኩን አፍ ከፍቶ በመንገድ ዳር ወይም በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ መልቀቅ የሚቀናው ሾፌር አይጠፋም። የካስኬን አሸዋ ነገር ከላይ ብለናል፤ ዛሬ የፈሰሰበት ቦታ ነገ የሚቆፈርበት ነው። የኦሞን ወንዝ ውሃ የሚጠጡ ብዙ ሺህ ሰዎችም አሉ። አስጎብኚው በሚቀጥለው ወር እንግዶቹን ይዞ ወደዚያው መንደር እንደሚመለስ ልብ ይሏል።

ንጹሑንም ቢሆን መጠኑን ማወቅ ከጤና ጋር ይያያዛል። እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ የሚጨመረው በሊትር ልክ ነው። ታንኩ ውስጥ 30 ይኑር 90 የማያውቅ ሰው ወይ ያንሰዋል ወይ ይበዛበታል።

በመጨረሻም ስለ ዋጋ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ አገር ውስጥ ያለን መኪና ማስለወጥ የሚለው አማራጭ ይበልጥ ይታሰባል። መለኪያዎቹ ግን ከውጭ የሚገቡ ናቸውና ዋጋቸው ምንዛሪውን ይከተላል። ፕሮፎርማ ሲቀበሉ የሚጸናበትን ቀን ያስጽፉ። በስልክ በብሉቱዝ የሚነበበው ዓይነት ኔትወርክ ሳይፈልግ ስለሚሠራ ለዚያ አካባቢ ይስማማል፤ ሆኖም ብዙዎቹ የክብ ባትሪ ስለሚጠቀሙ መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ ሳይወጡ መያዝ ነው።