ጠያቂን ወደሚያውቅ ስለ መምራት

ዕውቀት ሁሉ በአንድ ቤት ተሰብስቦ አይገኝም። የአገራችን የብራና መጻሕፍት በየደብሩና በየገዳሙ ዕቃ ቤት ተበታትነው ስለሚኖሩ፣ መጽሐፍ የሚሻ ሰው አስቀድሞ መጽሐፉ ያለበትን ስፍራ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በግሼ ራቤል የሚኖር ካህን አንድ ገድል ለማመሳከር ቢፈልግ፣ መጽሐፉ በጌራ ምድር ወይም በላሎ ምድር ወይም በማማ ምድር መኖሩን በምን ያውቃል?

ለዚህ ሦስት መንገድ አለ። መጀመሪያው ሁሉን በአንድ መዝገብ መጻፍ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን ማንሣቱ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን አንድ መዝገብ ብቻ ያለ እንደ ሆነ፣ እርሱ የተዘጋ ዕለት ጠያቂው ሁሉ በደጅ ይቀራል። ናፕስተር የተባለው የኮምፒዩተር የዘፈን መለዋወጫ የመዝገቡን ሥራ በአንድ ማእከል ስላደረገ፣ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ምክንያት ማእከሉ ሲዘጋ መለዋወጡም አብሮ ቆመ።

ሁለተኛው እንደ አውጫጭኝ አገሩን ሁሉ መጠየቅ ነው። በ2000 የወጣው ግኑቴላ ይህን መንገድ ያዘ። አንዱ ለ4 ጎረቤት፣ እያንዳንዱም ለሌሎች 3 ቢያስተላልፍ፣ አንድ ጥያቄ በ7 ቅብብል 4,372 መልእክት ይሆናል። ሁሉም ይደክማል፤ ከሰባተኛው ማዶ ያለው ግን አይገኝም።

ሦስተኛው ጠያቂውን ወደሚያውቀው መምራት ነው። በ2001 በአሜሪካ ሊቃውንት የታተመው ኮርድ የተባለው ዘዴ ለየማሽኑና ለየነገሩ ቍጥር ሰጥቶ በክብ ያሰልፋቸዋል። ተጠያቂው ራሱ ባያውቅ፣ የቀረውን መንገድ በግማሽ ያህል ወደሚያሳጥር ባልንጀራው ይልከዋል። ስለዚህ ከ1,000,000 ማሽኖች መካከል የሚፈለገው በአማካይ 10 በሚያህል ቅብብል ይገኛል።

ይህ ዘዴ ለደብሮቻችንም ይበጃል። መጻሕፍቱ ከስፍራቸው ሳይነቃነቁ፣ አንዱ ደብር የገድላትን፣ ሌላው የትርጓሜን፣ ሌላውም የዜማ መጻሕፍትን አድራሻ ቢይዝ፣ ግልባጩም በሁለተኛ ደብር ቢቀመጥ፣ ጠያቂው ማን ምን እንደሚይዝ ማወቅ ብቻ ይበቃዋል። ሌባን ፈርቶ መዝገብን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ መዝገብ አለመያዝ ግን ከሌባ አያድንም፤ ያልተመዘገበ መጽሐፍ በተሰረቀ ጊዜ የማን እንደ ነበረ የሚያስረዳ የለምና።

ዛሬ በብዙ ስፍራ ይህን አድራሻ የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌ ካህናት ናቸው። እነርሱ ሲያልፉ መጽሐፉ ሳይጠፋ መንገዱ ይጠፋል። ስለዚህ የየአጥቢያው አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት አዋቂዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ሊያጽፉ ይገባቸዋል።