«ላክሁ» እና «ልኬአለሁ» በእንግሊዝኛ



ሰው በየቀኑ ከሚናገረው ነገር የሚበዛው ራሱ ስላደረገው ሥራ ነው። «ጻፍሁ፤ ላክሁ፤ ተቀበልሁ፤ ከፈልሁ» ሳይል የሚውል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የለም። ይህን በአማርኛ ስንናገር ከእናታችን አፍ የሰማነው ቋንቋ ስለሆነ ብዙ አንጨነቅም። በእንግሊዝኛ ስንጽፈው ግን ቃሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አንባቢው ያላሰብነውን ነገር ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ «እኔ» ብለን ስላለፈ ሥራ የምንናገርባቸውን የእንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገር ሥርዓቶች ከራሳችን ቋንቋ ጋር እያስተያየን እንመለከታለን።

እንግሊዝኛ ለመሥሪያ ቤቶቻችን እንግዳ አይደለም። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም ሕጎቻችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን መውጣት ጀመሩ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም በሁለቱ ቋንቋዎች ይታተማል፤ ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው አማርኛው ነው። በልደታ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ተከራካሪዎቹ በአማርኛ ይከራከራሉ። ማስረጃው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ወይም ደብዳቤ ሲሆን ግን መተርጐም አለበት። ተርጓሚውም ጸሐፊው «ከፈልሁ» ማለቱ ነው ወይስ «እከፍል ነበር» ብሎ መለየት ግዴታው ነው። እንግዲህ ነገሩ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የገንዘብና የኃላፊነትም ጉዳይ መሆኑ ይታያል።

ከቀላሉ እንጀምር። «አይ ሴንት ዘ ሌተር ኦን መንደይ» ማለት «ደብዳቤውን ሰኞ ላክሁ» ነው። ሥራው አልቋል፤ ጊዜውም ተዘግቷል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። በአማርኛ አድራጊው በግሡ ጅራት ላይ ይታወቃል፤ «ላክሁ፣ ላክህ፣ ላከች» ስንል ማን እንደ ላከ አያጠራጥርም። በእንግሊዝኛ ግን «ሴንት» ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ «አይ» የሚለው ቃል ከቀረ አድራጊው ጠፋ ማለት ነው። እኛ «እኔ ላክሁ» ስንል ሌላ ሰው አይደለም ብለን ማጥበቃችን ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «አይ» ሲል ለሥርዓቱ ያህል እንጂ ለማጥበቅ አይደለም።

ሁለተኛው «አይ ሃቭ ሴንት ዘ ሌተር» የሚለው ነው። ይህ ከእኛ «ልኬአለሁ» ጋር በጣም ይቀራረባል። ሥራው ያለፈ ቢሆንም ዓይኑ ወደ ዛሬ ነው፤ ደብዳቤው ተልኳልና አሁን አትጨነቁ እንደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ እኛ «ትናንት ልኬአለሁ» ብንል ነውር የለበትም፤ እንግሊዝኛ ግን ይህን ሥርዓት ከ«ትናንት» ጋር አያጣምርም። ቀኑን መጥቀስ ከፈለግን ወደ መጀመሪያው፣ ወደ «አይ ሴንት» መመለስ አለብን።

ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው የሥራ ማመልከቻ ይመልከት። በአማርኛ «እዚህ 5 ዓመት ሠርቻለሁ» ያለ ሰው አሁንም በሥራው ላይ ሊሆን ይችላል፤ ለቅቆም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያል። «አይ ሃቭ ወርክት ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ያለ ሰው እስከ ዛሬ በዚያው ሥራ ላይ ነው። «አይ ወርክት ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ያለው ግን ለቅቋል። አንዲት «ሃቭ» የተባለች ቃል ብትቀር ቀጣሪው አመልካቹን ሥራ እንደ ፈታ ሰው ይቈጥረዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ «ነበር» የምንለው ቃላችን ነው። ይህ ቃል በአማርኛ ብዙ ሸክም ይሸከማል። «ልደታ እኖር ነበር» ስንል የቀድሞ ኑሮአችንን እንገልጻለን፤ ለዚህ እንግሊዝኛው «አይ ዩስት ቱ ሊቭ ኢን ልደታ» ነው። ይህን ያለ ሰው ዛሬ እዚያ አይኖርም፤ አሮጌው የልደታ ሠፈር ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩበት ወደ ሌላ ሠፈር የተዛወረ ሰው ቢናገረው ተገቢ ነው። «ቤት ባገኝ ልደታ እኖር ነበር» ስንል ግን ያው «እኖር ነበር» ያልሆነ ነገር ምኞት ሆነ፤ እንግሊዝኛው ለዚህ ሌላ ሥርዓት ስላለው «አይ ዉድ ሃቭ ሊቭድ» ይላል። «እየጻፍሁ ነበር» ደግሞ «አይ ዋዝ ራይቲንግ» ይሆናል፤ ሥራው መጀመሩን እንጂ መፈጸሙን አይናገርም። በሪፖርት ላይ «አይ ዋዝ ራይቲንግ ዘ ሪፖርት» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ አለቃው «ታዲያ ጨረስኸው ወይስ ተውኸው?» ብሎ ቢጠይቀው ሊደነቅ አይገባውም።

«ደውዬልህ ነበር» የሚለውም አነጋገር አለ። በእኛ ዘንድ ይህ አባባል «አላገኘሁህም» የሚል ትርጉም በውስጡ ይዟል። ይህን ቃል በቃል ወስደን «አይ ሃድ ኮልድ ዩ» ብንል እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቀሪውን ይጠብቃል። «አይ ሃድ» የሚባለው ከሌላ ያለፈ ሥራ በፊት ለተፈጸመ ሥራ ነውና፤ «ስብሰባው ሳይጀመር ደውዬ ነበር» እንደሚባለው ማለት ነው። ብቻውን ሲሆን «አይ ኮልድ ዩ» ይበቃል።

በአሉታም በኩል የሚያሰናክል ነገር አለ። እኛ «ሄድሁ» ያልነውን «አልሄድሁም» ስንል ግሡ ያው ያለፈ ጊዜ መልኩን እንደ ያዘ ነው። ስለዚህ ተማሪው «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ይላል። በእንግሊዝኛ ግን ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለ ተሸከመው ግሡ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ትክክለኛው «አይ ዲድ ኖት ጎ» ነው።

ከዚህም ሌላ በመልካቸው ኃላፊ፣ በትርጉማቸው ግን የአሁን የሆኑ ግሦች አሉን። «ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ገባኝ» ስንል የምንናገረው ስለ አሁን ነው። ሰው ከማዕድ ተነሥቶ ሲወጣ «መጣሁ» ይላል፤ እንግዳ የሆነ ሰው «እየሄደ እንዴት መጣሁ ይላል?» ብሎ ይደነቃል። ይህን «አይ ኬም» ብለን ብንተረጕም የማይሆን ነገር ነው፤ የእነርሱ አነጋገር «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበት መልካም ስፍራም አለ፤ ይኸውም ትሕትና ነው። ባለጉዳይ በአለቃ ፊት ቆሞ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ይላል፤ ፍላጎቱ የአሁን ሆኖ ሳለ ንግግሩን ለማለዘብ ወደ ኋላ ይወስደዋል። እንግሊዛዊውም እንዲሁ «አይ ዎንቲድ ቱ አስክ ዩ» ይላል።

በመጨረሻ ስለ አነባበቡ ጥቂት እንጨምር። ያለፈ ጊዜ ምልክት የሆነው የግሡ መጨረሻ በ3 ዓይነት ይነገራል፤ «ወርክት» ላይ እንደ «ት»፣ «ኮልድ» ላይ እንደ «ድ»፣ «ዎንቲድ» ላይ እንደ «ኢድ» ይሰማል። ይህን ድምፅ የዋጠ ሰው ትናንት የሠራውን «ዘወትር እሠራለሁ» ያለ ይመስላል።

ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ከተፈረመ በኋላ ደብዳቤ አይመለስም። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት 3 ነገሮችን እንጠይቅ፤ ሥራውን የሠራው ማን ነው? ሥራው ተፈጽሟል ወይስ ተጀምሮ ቀርቷል? ጊዜው ተዘግቷል ወይስ እስከ ዛሬ ይደርሳል? ለነዚህ መልስ ያገኘ ሰው የሚስማማውን ሥርዓት ለመምረጥ አይቸገርም።