የታመመው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ቻርቱ?

ጊዜው የ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የዓመት ሒሳባቸውን አስታውቀው የሚጨርሱበት ቀን ተቃርቧል። መርካቶ አካባቢ የሚገኝ የአንድ ጅምላ አከፋፋይ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከኮምፒውተራቸው ጋር ተፋጠው አንዲት ገጽ እንኳ አትመው ማውጣት አልቻሉም።

የድርጅቱ የአራት ዓመት ሽያጭ፣ ግዥና የመጋዘን ቆጠራ በአንድ የኤክሴል ፋይል ውስጥ ታጭቋል። ለእያንዳንዱ ሩብ ዓመት አንድ ሺት፣ በእያንዳንዱ ሺት ላይ ደግሞ ባለቤቱ የሚመለከቷቸው ሁለት ቻርቶች አሉ። በድምሩ 32 ቻርት መሆኑ ነው። ፋይሉ ሲከፈትም ሆነ ሴቭ ሲደረግ በሺቱ ውስጥ ያለ አንድ ፎርሙላ የማያገለግል ማጣቀሻ ይዟል የሚል መልእክት ይደቀናል። «እሺ» ተብሎ ቢታለፍም ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

«ወንድሜ፣ ሴሎቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። የተበላሸ ፎርሙላ የለም» አሉኝ ሠራተኛዋ፣ ድካም በተጫነው ድምፅ። ባለቤቱ በበኩላቸው ኮምፒውተሩ አርጅቷልና ይቀየር የሚል ምክር ሰምተው ለአዲስ መግዣ ገንዘብ አዘጋጅተዋል።

ሠራተኛዋ አልተሳሳቱም፤ በሴሎቹ ውስጥ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ የነበረው በቻርት ውስጥ ነው። ከወራት በፊት «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ተብሎ አንድ የዋጋ ዝርዝር የያዘ ሺት ተሰርዟል። ከ32ቱ ቻርቶች አንዱ ግን መረጃውን የሚቀዳው ከዚያ ሺት ነበር። ምንጩ ቢጠፋም ቻርቱ ባዶውን አድራሻ ይዞ ቀርቷል። ኤክሴል መልእክቱን የሚያወጣው «ፎርሙላ» በሚል ስም በመሆኑ ፈላጊው ወደ ሴሎች ይሄዳል እንጂ ወደ ቻርት አይሄድም።

ግማሽ በግማሽ

ታዲያ ከ32 ቻርት ጥፋተኛውን እንዴት ማግኘት ይቻላል? ከሁሉ በፊት የፋይሉን ቅጂ ማዘጋጀት ግድ ነው። ዋናው ፋይል አይነካም። ከዚያም በቅጂው ላይ ግማሾቹን፣ ማለትም 16 ቻርቶችን ሰርዞ ማየት ነው። መልእክቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ከተሰረዙት መካከል ነው፤ ካልጠፋ ከቀሩት ጋር አለ። ቀጥሎ 8፣ ከዚያ 4፣ 2፣ 1 እያሉ ሲወርዱ በአምስት ሙከራ ይደረስበታል። ሺቶችን መሰረዝ ግን አይመከርም። ሺት ሲሰረዝ ከእርሱ ጋር የተያያዙ ሌሎች ቻርቶችና ፎርሙላዎች አዲስ ስሕተት ይፈጥራሉና።

ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላ ዋናውን ፋይል ከፍቶ ያንኑ ቻርት በማውስ ቀኝ ቁልፍ መንካትና «ሴሌክት ዳታ» የሚለውን መምረጥ ነው። «ሬፍ» የሚል ቃል የሚታይበት መስመር ይሰረዛል ወይም ትክክለኛ አድራሻ ይሰጠዋል። በቻርቶቹ ውስጥ ምንም ካልተገኘ «ኔም ማኔጀር» በሚባለው የስሞች ዝርዝር ውስጥ ተመሳሳይ የሞተ አድራሻ መኖሩን ማየት ይገባል። በዚያ ድርጅት ይህ ሁሉ የወሰደው ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ነው። ለኮምፒውተር የተያዘው ገንዘብም ወደ ዕቃ ግዥ ተመለሰ።

«አቅም የለኝም» ሲል

ሌላው ነጋዴውን የሚያስመርረው መልእክት ኤክሴል ባለው አቅም ሥራውን መፈጸም እንዳልቻለ የሚገልጸው ነው። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ሚሞሪ ለመግዛት ይሮጣሉ። ከመሮጥ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን ማጣራት ኪስን ያድናል።

አንደኛ፣ በየሺቱ ላይ «ኮንትሮል» እና «ኤንድ» የሚሉትን ቁልፎች በአንድነት ይጫኑ። ኤክሴል በሥራ ላይ ነው ብሎ ወደሚያስበው የመጨረሻ ሴል ይወስድዎታል። መረጃዎ 3 ሺህኛው ረድፍ ላይ አልቆ ሳለ ጠቋሚው መቶ ሺዎችን አልፎ ከቆመ፣ ፋይልዎ ባዶ ረድፎችን ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። ትርፍ ረድፎቹንና ዓምዶቹን ሙሉ በሙሉ ሰርዞ ሴቭ ማድረግ ፋይሉን ያቀለዋል።

ሁለተኛ፣ ቻርቶቹ መረጃ የሚወስዱት ከሙሉ ዓምድ መሆኑን ይመልከቱ። አንድ ዓምድ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት የኤክሴል ዕትሞች 1,048,576 ረድፎች አሉት። ለ300 ቀናት ሽያጭ ይህን ሁሉ ማስቆጠር ለአንድ ኩንታል ጤፍ ከባድ መኪና እንደመከራየት ነው።

ሦስተኛ፣ ኤክሴሉ ባለ 32 ቢት ነው ወይስ ባለ 64? «አካውንት» በሚለው ሥር «አባውት» የሚለው ይነግርዎታል። ባለ 32 ቢቱ ለረጅም ጊዜ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ መጠቀም አይችልም ነበር፤ የተሻሻሉት ዕትሞችም ቢሆኑ ከ4 አያልፉም። ስለዚህ 16 ጊጋባይት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሌላ ሚሞሪ መጨመር ጥቅሙ እምብዛም ነው። መፍትሔው ፋይሉን ማቅለል ወይም ወደ ባለ 64 ቢቱ መዛወር ነው።

ከሌሎች ፋይሎች ሺት እየገለበጡ ማምጣትም የራሱ ዕዳ አለው። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን የቀለም፣ የፊደልና የመስመር ዓይነት ይዞ ይመጣል። የድሮው ዕትም 4 ሺህ ያህል፣ የአሁኑ 64 ሺህ ያህል የተለያዩ የሴል ቅርፆችን ይቀበላል። ከዚያ ካለፈ የቅርፅ ዓይነት በዛብኝ ይላል።

ዝም ያለው ይባስ

መልእክት ቢያበሳጭም ከዝምታ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና ተቋም የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን የሚያስተላልፈው በድሮው የኤክሴል የፋይል ዓይነት ሲሆን፣ ያ ዓይነት በአንድ ሺት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም። ትርፉ ተቆርጦ ቀረ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባለው ጊዜ 15,841 ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች በዕለታዊው ቆጠራ ሳይካተቱ ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ፍለጋም ዘገየ። ዛሬም ከድሮ የሽያጭ ፕሮግራም መረጃ እየገለበጠ የሚሠራ ነጋዴ በሁለቱ በኩል ያለው የረድፍ ብዛትና ጠቅላላ ድምር እኩል መሆኑን ሳያመሳክር ማስታወቂያ ቅጽ መሙላት የለበትም።

ለመርካቶው ድርጅት የተሰጠው ምክር አጭር ነበር። በየዓመቱ አዲስ ፋይል ይከፈት። ጥሬው መረጃ በአንድ ሺት፣ ቻርቶች በሌላ ሺት ይቀመጡ። ሺት ከመሰረዙ በፊት ማን እንደሚጠቀምበት ይጣራ። በፍላሽ ላይ ባለ ፋይል በቀጥታ አይሠራ፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ፍላሹ ሲነቀል ፋይሉ ሊበላሽ ይችላልና። ማታ ማታ ቀኑ የተጻፈበት ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። መልእክት ሲመጣ ደግሞ «እሺ» ከመባሉ በፊት ቃል በቃል በወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ በፊት የተሠራው ሥራም ከጎኑ ይመዝገብ።

ሠራተኛዋ ሒሳቡን ቀኑ ሳያልፍ አስረክበዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ዛሬ አንድ ትንሽ ደብተር አለ፤ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ሁሉ የሚጽፉበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?