ከተሰዓት እስከ ሠርክ

በካሊፎርኒያ የሚማር ሕፃን ከትምህርት ቤት የሚለቀቀው በእኛ አቈጣጠር 9 ሰዓት ግድም ሲሆን፣ እናትና አባቱ ከሥራ የሚመለሱት ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነውና፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከተሰዓት እስከ ሠርክ በሚሉት በዚያ መካከል ስንቱ ልጅ ጠባቂ አጥቶ ይቀራል።

ይህን ሰዓት በመንግሥት ገንዘብ ለመሸፈን የግዛቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውን ሥራ፣ ሕዝቡ በኖቬምበር 2002 ቁጥር 49 የተባለውን የሕግ ሐሳብ በድምፁ አጽድቆ አሰፋው፤ ለሐሳቡ ከሁሉ ይልቅ የተሟገተውም በማግስቱ ዓመት ለአገረ ገዥነት የበቃው የሲኒማ ተዋናይ አርኖልድ ሽዋርዝኔገር ነበር። በዚያው በ2002 በሎስ አንጀለስ የፌርፋክስ ጎዳና አንዱ ክፍል ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ ተሰይሟል፤ የወገኖቻችን ልጆች በሚማሩበት ግዛት የሆነውን ነገር እንደ ባዕድ ወሬ ልንሰማው አይገባም።

ግዛቱ በዚህ ሕግ በየዓመቱ እስከ 550 ሚሊዮን ዶላር እንዲመድብ ሆነ። ገንዘቡን የተቀበለው ትምህርት ቤት ክፍል ካበቃበት ደቂቃ አንሥቶ ቢያንስ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ልጆቹን ሊይዝ፣ የቤት ሥራቸውን ሊያግዝ፣ ስፖርትና ሥነ ጥበብ ሊያስተምር፣ ለ20 ልጅም አንድ ሠራተኛ ሊያቆም ይገደዳል፤ ግዛቱ ከሰጠው የሲሶውን ያህል ደግሞ በጥሬ ገንዘብም ሆነ በዓይነት ከአካባቢው ያዋጣል። በሕዝብ ድምፅ የጸና በመሆኑ ክፉ ዘመን በመጣ ቍጥር እንደ ሌላው በጀት በቀላሉ አይቈረጥም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፣ አመሰግነዋለሁም።

ነገር ግን ሕጉ ገንዘቡ ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲያድግ የሚያዝ አንቀጽ አልነበረውም። በ2007 ለአንድ ልጅ የቀን ወጪ የሚሰጠው 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲሆን፣ የግዛቱ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝም ልክ ያው ነበረ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ደመወዙ 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲደርስ፣ የልጁ ድርሻ፣ ተጨማሪ 50 ሚሊዮን ዶላር በተፈቀደበት በዚያው በ2017 እንኳ፣ ከ8 ዶላር ከ19 ሳንቲም አላለፈም። ልጆቹን በየስማቸው የሚጠራው፣ ማን አንገቱን ደፍቶ እንደ ገባና ማን ምሳውን እንዳልበላ የሚያስተውለው ወጣት ሠራተኛ የተሻለ በሚከፍል ሱቅ ተቀጥሮ ሲሄድ፣ ሕፃኑ በማግስቱ 9 ሰዓት ላይ የሚጠብቀው የማያውቀው ፊት ነው።